ሙሉውን ሠርግ ማየት፦ በባሕር ዳር ልምድ ያለው ፎቶግራፍ አንሺ ስለ መቅጠር

በቤተ ዘመዳችን ውስጥ ሠርግ በተደገሰ ቁጥር ፎቶግራፍ አንሺ ፈልጎ የማነጋገሩና የመዋዋሉ ኃላፊነት በእኔ ላይ ስለሚወድቅ፣ በባሕር ዳር ከሚሠሩ ባለሙያዎች ከብዙዎቹ ጋር ተቀምጬ ለመነጋገርና ሥራቸውን በቅርብ ለማየት ዕድል አግኝቻለሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ነገር በጽኑ አምናለሁ፦ የፎቶግራፍ አንሺ ልምድ የሚታወቀው መርጦ በሚያሳየን ጥቂት ፎቶዎች ሳይሆን፣ አንድን ሠርግ ከንጋት እስከ ማታ ያነሣበትን ሙሉ ስብስብ ስናይ ነው።

በቴሌግራም የሚላኩልን ወይም በፎቶ ቤቱ መስታወት ላይ የሚለጠፉት ፎቶዎች ከዓመታት ሥራ ውስጥ የተለቀሙ ናቸው። በሺህ የሚቆጠር ፎቶ የሚያነሣ ሰው፣ ጀማሪም ቢሆን፣ ሰማዩ ባማረበትና ሙሽሮቹ በተረጋጉበት ሰዓት ዓይን የሚስብ ነገር ማግኘቱ አይቀርም። ቤተሰቡ ገንዘቡን የሚያወጣው ግን ለማይደገም አንድ ቀን ነው፤ ያ ቀን ደግሞ ጠባብ ሳሎን፣ የቀትር ፀሐይ፣ ደብዛዛ ቤተ ክርስቲያን፣ ባለ ቀለም ድንኳን፣ ጥድፊያና መዘግየት ሁሉ አለበት። ሙሉው ስብስብ ሲታይ ባለሙያው በእነዚህ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ምን እንዳደረገ፣ ጥግ ላይ የተቀመጡትን አዛውንቶች አስታውሷቸው እንደሆነ ወይም ሙሽሮቹን ብቻ ሲከተል ውሎ እንደሆነ በግልጽ ይታያል። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ፣ ባለቤቶቹ ፈቅደው ከሆነ የአንድን ሠርግ ሙሉ ሥራ፣ ቢቻል የእኛን ድግስ በሚመስል ቦታ የተነሣውን፣ እንዲያሳየኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ፎቶዎቹን በተነሡበት ቅደም ተከተል የሚያሳይ፣ እያሳየም ይህን እዚህ ቆሜ ያነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው እያለ የሚያስረዳ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሥራው የሚተማመን ሰው ነው።

ይህ ሁሉ ግን በጊዜ መጀመር አለበት። በኦርቶዶክሳውያን ቤተሰቦች ዘንድ የሠርጉ ወቅት ከጥምቀት በኋላ ተከፍቶ ዐቢይ ጾም ሲገባ ይዘጋል፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ በባሕረ ሐሳቡ ስሌት መሠረት ከየካቲት 1 በፊት አይገባም፣ ከመጋቢት 5ም አያልፍም። ጾሙ ቀድሞ በሚገባበት ዓመት ሠርገኛው ሁሉ በጥቂት ቅዳሜና እሑዶች ላይ ይጨናነቃል፤ በከተማዋ ስማቸው በጎ የሆነላቸው ፎቶግራፍ አንሺዎችም ቀናቸው ከወራት በፊት ይያዛል። ሽማግሌዎቹ ቀኑን እንደቆረጡ፣ ከአዳራሹም በፊት ቢሆን፣ ፎቶግራፍ አንሺውን ማነጋገር ተገቢ ነው የምለው ለዚህ ነው፤ ሰፊ አዳራሽ ሲታጣ ድንኳን ይተከላል፣ የጥሩ ባለሙያ ምትክ ግን በሳምንት ውስጥ አይገኝም።

በእኛ ከተማ ከባለሙያው ጋር ከሁሉ አብልጦ መነጋገር የሚገባው ስለ ብርሃን ነው። ባሕር ዳር በጣና ደቡባዊ ዳርቻ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች ሐይቁ ለከተማዋ በስተ ሰሜን ነው። በጥር የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ያዘነበለች በመሆኗ፣ ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጥተው የሚቆሙ ሙሽሮች ፊታቸውን በቀጥታ ለፀሐይ ይሰጣሉ፤ ዓይናቸው ይጨፈናል፣ ግንባራቸውም ያብለጨልጫል። ከፋሲካ በኋላ በሚደረጉት ሠርጎች ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በሚያዝያ 12 አካባቢ ፀሐይ በቀትር ከአናት በላይ በቀጥታ ትውላለች፤ በዚያ ሰዓት በሜዳ ላይ የተነሣ ሰው የዓይኑ ጉድጓድና ከአፍንጫው ሥር ያለው ቦታ ጠቁሮ ይወጣል። ልምድ ያለው ባለሙያ ሙሽሮቹን ከሾላው ጥላ ዳር፣ ፊታቸው ወደ ተከፈተው ሰማይ እንዲዞር አድርጎ ያቆማቸዋል፤ ወደ ጥላው መሐል አያስገባቸውም፤ በዚያ የቅጠሉ አረንጓዴ በነጩ ልብስና በፊታቸው ላይ ያርፋልና። ከዚያም በላይ የቀኑን መርሐ ግብር ከቤተሰቡ ጋር አብሮ አውጥቶ፣ የውጪው ፎቶ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ እንዲሆን አስቀድሞ ይጠይቃል።

ብዙ ሙሽሮች ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስትጠልቅ የሚነሣ ፎቶ ይመኛሉ። በጥር ግን ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ደቡብ ምዕራብ አዘንብላ ስለሆነ፣ ከከተማዋ ዳርቻ ለሚያያት ሰው የምትገባው በየብሱ በኩል ነው፤ አጠላለቋ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ማለትም ወደ ውሃው አቅጣጫ የሚያዘነብለው ክረምቱ ሲቃረብ ነው። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ሙሽሮቹን በከንቱ ተስፋ አያቆያቸውም፤ ይልቁንም ፀሐይዋ ከገባች በኋላ በሰማዩና በውሃው ላይ የሚቀረውን ለስላሳ ቀለም እንዲጠቀሙ ያዘጋጃቸዋል። በእኛ አገር ድንግዝግዝታው አጭር ነው፤ ያ ብርሃን ግማሽ ሰዓት እንኳ ስለማይቆይ፣ መኪናው በመንገድ ከዘገየ የዕለቱ ምሽት አለፈ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ሳይጠየቅ የሚያነሣ ፎቶግራፍ አንሺ ሲገጥመኝ ከዋጋው በፊት ልቤ ወደ እርሱ ያዘነብላል።

ስብስቡን ስመለከት በተለይ የምመረምረው ነጩን ልብስና የሰዉን ፊት ነው። ካሜራ በራሱ ሲለካ ፊት ለፊቱ ያለውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ መሣሪያ ነው። በመሆኑም የሐበሻ ቀሚስ፣ ነጠላና ጋቢ የለበሰ ቤተሰብ ምስሉን ሞልቶ ሲቆም፣ ካሜራው ብርሃኑ የበዛ መስሎት ያጨልመዋል፤ ልብሱ አመድማ ይሆናል፣ የጠይሙና የጥቁሩ ሰው ፊት ደግሞ መልኩ እስኪጠፋ ድረስ ይደፈናል። ጀማሪው ይህን ለማረም ብርሃኑን ያለ ልክ ሲጨምር የቀሚሱ ፈትልና የጥለቱ ቀለም ታጥበው ይጠፋሉ። የበሰለው ባለሙያ የሚለካው ከፊት ላይ ነው፤ ልብሱ ሳይነድድ ፊቱ የሚበራበትን ልክ ያገኛል፤ ፎቶዎቹንም ሮው በሚባለው፣ ካሜራው ያየውን መረጃ ሁሉ ሳይጨምቅ በሚይዘው ዓይነት ያስቀምጣቸዋል። በአንድ ፎቶ ውስጥ የነጠላው ጥለትና የአያትየው ዓይን ሁለቱም ጥርት ብለው ከታዩኝ፣ ስለ ካሜራው ሞዴል መጠየቅ አያስፈልገኝም።

የድንኳኑ ጉዳይ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ቢጫ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ሸራ የፀሐይን ብርሃን በራሱ ቀለም ስለሚቀባው፣ ከሥሩ የተቀመጠው እንግዳ ሁሉ የታመመ መስሎ ሊወጣ ይችላል። ፍላሹን ወደ ጣሪያው አዙሮ ማንጸባረቅም በነጭ ኮርኒስ ሥር እንጂ በባለ ቀለም ሸራ ሥር አይሠራም። ስለዚህ ባለሙያው ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ አንድ ጊዜ መጥቶ ቢያየው፣ መብራቱን በማቆሚያ ላይ አድርጎ የት እንደሚያቆመው ቢወስን ብዙ ነገር ይድናል።

በተክሊል ለሚጋቡ ሰዎች የቤተ ክርስቲያኑ ክፍል ከሁሉ የከበደ ነው። ሥርዓቱ ከቅዳሴው ጋር ስለሚያያዝ ብዙውን ጊዜ በማለዳ ይፈጸማል፤ በውስጥ ያለው ብርሃንም ከጧፍና ከጥቂት አምፖሎች የሚገኝ ነው። ፍላሽ ማብራት ጸሎቱን ያውካል፣ ጥንታዊ ሥዕላት ባሉበትም ጨርሶ የማይገባ ነው። እዚህ የሚያስፈልገው በደብዛዛ ብርሃን የሚሠራ፣ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ 1.4 ወይም 1.8 ድረስ የሚከፈት (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል) ሌንስና፣ ከሌንሱም ይልቅ የሥርዓቱን አካሄድ የሚያውቅ ሰው ነው። መቅደሱ የካህናት ብቻ እንደሆነ፣ ጫማ እንደሚወልቅ፣ ነጠላ እንዴት እንደሚለበስ፣ አክሊሉ በሙሽሮቹ ራስ ላይ የሚደፋው መቼ እንደሆነ፣ ከማን ፊት ማለፍ እንደማይገባ በዚያ ማለዳ ቆሞ ማስተማር አይቻልም። ከደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ መጠየቅም ከሠርጉ ቀን በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው። በእኔ እምነት ሙሽሮቹ ሥጋ ወደሙን በሚቀበሉበት ሰዓት ካሜራው ዝቅ ማለት አለበት፤ ይህን ስጠይቀው ከእኔ በፊት አስቦበት ያገኘሁት ባለሙያ የሙሉ ቤተሰቡን አመኔታ አትርፏል። በሙስሊም ወገኖቻችን ሠርግም እንዲሁ ነው፤ ሴቶቹ ለብቻቸው በሚሰበሰቡበት ክፍል ሴት ፎቶግራፍ አንሺ ታስፈልጋለች፤ እንዲህ ያለች ባለሙያ በቡድኑ ውስጥ መኖሯን አስቀድሞ ማረጋገጥ የቀጣሪው ድርሻ ነው።

ከሥርዓቱ ሁሉ እኔ በጣም የምሳሳለት ሙሽራዋ ከቤቷ ስትወጣ የወላጆቿንና የአዛውንቱን ጉልበት ስማ የምትመረቅበትን ጊዜ ነው። የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ሲሆን፣ ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል፣ በር ላይ እልልታና ዘፈን አለ፣ ሚዜዎቹ ይቸኩላሉ። በዚያ ቅጽበት ከሙሽራዋ ጀርባ የቆመ ፎቶግራፍ አንሺ የሚያገኘው ቬሏን ብቻ ነው። ከወላጆቹ ጎን ዝቅ ብሎ፣ ሰፋ አድርጎ በሚያይ 24 ወይም 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ የተዘጋጀ ሰው ግን የልጅቱን ፊትና የእናትየውን እጅ በአንድነት ይይዛል። ወደዚያ ቦታ ለመድረስ ደግሞ ከሠርገኛው ቀድሞ መግባት፣ የቤቱን ጥበት ማየት፣ ወንበሮቹ በመስኮቱ በኩል እንዲሆኑ ለቤተሰቡ መንገር ያስፈልጋል። ስብስቡን ሳይ ወደዚህ ክፍል ፈጥኜ እሄዳለሁ፤ የአባትየው ምርቃት የማይታይበት ሠርግ፣ በሐይቁ ዳር ምንም ያህል ያማረ ፎቶ ቢኖረው፣ ለእኔ ጎደሎ ነው። የቤተሰብ ፎቶን በተመለከተም ማን ከማን ጋር እንደሚቆም በወረቀት ጽፎ መስጠትና ዘመዱን በስም የሚያውቅ አንድ ሰው ከፎቶግራፍ አንሺው ጎን ማቆም ለሁለቱም ወገን ዕረፍት ይሰጣል።

ስለ ቦታ ምርጫ አጠር አድርጌ ላንሣ። ከቤዛዊት ኮረብታ ላይ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሲጓዝ ይታያል፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ብዙ ሙሽሮችን ይስባል። በሁለቱም ስፍራ ለማንሣት የሚመለከታቸውን ክፍሎች አስቀድሞ ማነጋገር የባለሙያው ሥራ ነው። ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደሴቶቹ በጀልባ መሄድ የሚፈልጉ በጠዋት ቢነሡ ይሻላል፤ ሐይቁ በማለዳ ረጋ ብሎ ይቆይና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ይናወጣል። እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ባሉ ገዳማት ሴቶች እንደማይገቡም ማስታወስ ይገባል። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ግርማ የሚኖረው ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ነው፤ በበጋ ውሃው ስለሚቀንስና ከፊሉም ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ፣ በጥር ሠርግ በፖስተር ላይ ያለውን መልክ ለሙሽሮች ቃል የሚገባ ሰው ወይ ቦታውን አያውቀውም ወይ እውነቱን አይናገርም። ድሮን ያለ ፈቃድ ማብረር በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ በፓኬጁ ውስጥ ተጽፎ ቢገኝ ፈቃዱን ማየት እንጂ በቃል መተማመን አይገባም።

ሌላው ልብ ልንለው የሚገባ ጉዳይ በዕለቱ ካሜራውን የሚይዘው ማን እንደሆነ ነው። በሠርግ ወቅት አንድ ፎቶ ቤት በአንድ ቀን ብዙ ሥራ ስለሚቀበል፣ ያነጋገርነው ባለሙያ በአንዱ ሲገኝ በሌላው ረዳቱን ሊልክ ይችላል። ረዳት መላክ ነውር አይደለም፤ የዛሬዎቹ አንጋፋዎችም የተማሩት እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን የምናየው ሥራ ሊመጣ ያለው የዚያው ሰው ሥራ መሆን አለበት፤ ስሙም በውሉ ላይ ሊጻፍ ይገባል።

ፎቶው ከተነሣ በኋላ ስለሚደረገው እርማት ስናገር ልቤ ይነካል። ፊትን ማንጣት፣ መጨማደድን ማጥፋት፣ አፍንጫን ማቅጠን በብዙ አልበሞች ላይ የተለመደ ሆኗል። በአንድ ዘመዴ አልበም ላይ የአያቷ የአንገት ንቅሳት እንደ ቆሻሻ ተቆጥሮ ሙልጭ ተደርጎ ጠፍቶ አይቻለሁ። በጎጃም እናቶች አንገትና ግንባር ላይ ያለው ንቅሳት የወጣትነታቸው ጌጥ፣ የትውልዳቸው ምልክት ነው፤ ከእርሳቸው በኋላ በቤቱ ውስጥ ማንም አይኖረውም። የልጅ ልጆቻቸው ወደፊት አያታቸውን የሚያውቁት በዚያ አልበም ሊሆን ስለሚችል፣ ያን ማጥፋት ሰውየዋን በሌላ ሰው መተካት ነው። ስለዚህ ከምንዋዋለው ባለሙያ ጋር የእርማቱን ልክ በግልጽ እንነጋገራለን፤ ቀለምና ብርሃን ይስተካከል፣ በዕለቱ የወጣች ብጉርም ትነሣ፣ የሰው ቆዳ ቀለም፣ ንቅሳት፣ ጠባሳና የዕድሜ መስመር ግን አይነካ።

የፎቶዎቹ ደኅንነት የሚጠየቅበት መንገድ ቀላል ነው፤ ካርዱ ቢበላሽ ምን ይሆናል? ልምድ ያለው ሰው ሁለት ካርድ የሚይዝና ፎቶውን በሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ የሚጽፍ ካሜራ አለው፤ መለዋወጫ ካሜራና ባትሪም ይዞ ይመጣል፤ ማታውኑ ፎቶዎቹን ወደ ሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጦ በተለያየ ቦታ ያስቀምጣል፤ ካርዶቹንም አልበሙ እስኪረከብ ድረስ አያጠፋም። መልሱን ለማሰብ ጊዜ የሚወስድበት ከሆነ፣ እስከ ዛሬ የገጠመው ችግር የለም ማለት ብቻ ነው።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ሥራው የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ሰዓት፣ ቀለበቱና መልሱ መካተት አለመካተታቸው፣ የሚታረሙት ፎቶዎች ብዛት፣ የአልበሙ መጠንና የገጹ ብዛት፣ የላሚኔቱ ልክ፣ የርክክቡ ቀን፣ ባለሙያው ቢታመም ማን እንደሚተካው ሁሉ ይስፈር። ቀብድን በተመለከተ ሕጋችን ግልጽ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 እንደሚለው፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። በዚያው ቀን የተሻለ የሚከፍል ሠርግ ለሚመጣበት ፎቶግራፍ አንሺ ይህ ጠንካራ ማሰሪያ ነው፤ ሐሳቡን ለሚለውጥ ቤተሰብም እንዲሁ። በቁጥር 27 ደግሞ ያው ሕግ የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ስለዚህ ባለሙያው የሙሽሮቹን ፎቶ በፌስቡክ፣ በቲክቶክ ወይም በፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ ለማስታወቂያ ማዋል ከፈለገ መጠየቅ አለበት። በሌላ በኩል ፎቶግራፍ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠበቅ ሥራ እንደመሆኑ፣ ማን ምን ማባዛት እንደሚችልና ሮው ፋይሎቹ ለቤተሰቡ ይሰጡ ወይም አይሰጡ እንደሆነ መጻፉ የባለሙያውንም ክብር ይጠብቃል።

ዋጋውን ስንደራደር የምናየው ሰውየው በመካከላችን የቆመበትን ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ለቀናት በኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ሲመርጥና ሲያርም ግን አናየውም። ለዚያ ሥራ መክፈል ይገባል፤ በጀቱ ከጠበበ ባለሙያውን በርካሽ ሰው ከመለወጥ ይልቅ የአልበሙን ገጽ መቀነስ፣ ቪዲዮውን ማሳጠር ወይም ለቅድመ ሠርግ የታሰበውን ቀን መተው ይሻላል ብዬ እመክራለሁ። የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው አልበሙን ገጽ በገጽ አገላብጠን፣ የዘመዶቻችንን ስም በትክክል መጻፉን አይተን፣ ፋይሎቹ በሃርድ ዲስክ ተገልብጠው መከፈታቸውን በቤታችን ኮምፒውተር ላይ ካረጋገጥን በኋላ ይሁን። ሃርድ ዲስኩን ስንረከብም አንድ ቅጂ በሙሽሮቹ ቤት፣ አንድ ቅጂ በወላጆች ቤት እናስቀምጥ፤ ጉልበት የተሳሙት አዛውንቶች ፎቶም በስልክ ከሚላክላቸው ይልቅ ታትሞ በእጃቸው እንዲደርሳቸው ከመጀመሪያው በውሉ ውስጥ እናካትተው።